ዲቫይስ ትሪ ምንድን ነው?

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጡት ትንንሽ አንድሮይድ ቲቪ ቦክሶች፣ ለፊልም ማያ ተብለው ቢገዙም፣ በውስጣቸው ፕሮሰሰር፣ ራምና ማከማቻ ያላቸው ኮምፒውተሮች ናቸው። ስለዚህ እንደ አርምቢያን ያለ፣ አርም ለተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የተዘጋጀ ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚመራ ሥርዓት) ሜሞሪ ካርድ ላይ ጽፎ ቦክሱን ከካርዱ በማስነሳት፣ በአማርኛ የሚጻፍበትና ሰነድ የሚዘጋጅበት ዴስክቶፕ ማግኘት ይቻላል። ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ብዙዎች ካርዱ ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። እኔ ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት ዲቫይስ ትሪ የተባለው ትንሽ ፋይል ነው እላለሁ።

ዲቫይስ ትሪ የአንድን መሣሪያ ውስጣዊ ክፍሎች ለሊነክስ ከርነል፣ ማለትም ክፍሎቹን ለሚቆጣጠረው የሥርዓቱ እምብርት፣ የሚዘረዝር የመረጃ ፋይል ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ኮር እንዳለው፣ የኔትወርክ፣ የድምፅና የኤችዲኤምአይ ክፍሎች በየትኛው አድራሻ እንደሚገኙ፣ ለየትኛው ክፍል ኃይል በየትኛው የቺፑ እግር (ፒን) እንደሚሰጥ ይናገራል። በተለመደው ፒሲ ላይ ተጠቃሚው ስለዚህ ጉዳይ የማይጨነቀው፣ ባዮሱ (ፒሲው ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የክፍሎቹን ዝርዝር ለሥርዓቱ ስለሚያስረክብና እንደ ዩኤስቢ ያሉት መሣሪያዎችም ሲጠየቁ ማንነታቸውን ስለሚናገሩ ነው። በቲቪ ቦክስ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ግን አብዛኞቹ ከዋናው ቺፕ ጋር አብረው የተሠሩ በመሆናቸው ራሳቸውን አያስተዋውቁም፤ ከርነሉ አስቀድሞ ካልተነገረው መኖራቸውን አያውቅም።

ቀድሞ ይህ መግለጫ ለእያንዳንዱ የአርም ቦርድ በከርነሉ ኮድ ውስጥ ይጻፍ ነበር። የቦርዱ ዓይነት እየበዛ ሲሄድ ኮዱ ከመጠን በላይ ተዝረከረከ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በግልጽ ተቃወመው። ከዚያ ወዲህ መግለጫው ከኮዱ እየወጣ ለብቻው ፋይል በመሆኑ፣ ዛሬ አንድ ከርነል ፋይሉ ብቻ እየተለወጠለት በብዙ ዓይነት ቦርድ ላይ ይነሣል።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ቦክሱ ውስጥ ያለውን ቺፕ በትክክል ማወቅ ነው። አምሎጂክ የተባለው ኩባንያ ቺፖች የሆኑት ኤስ905ኤክስ እና ኤስ905ኤክስ3 በስም ቢቀራረቡም፣ የመጀመሪያው ኮርቴክስ ኤ53 ኮሮችና ማሊ 450 ግራፊክስ፣ ሁለተኛው ኮርቴክስ ኤ55 ኮሮችና ማሊ ጂ31 ግራፊክስ ስላላቸው የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም ሆነ አንድሮይዱ የሚያሳየውን ማመን አይገባም፤ በአንድ ስምና በአንድ መልክ የሚሸጡ ሁለት ቦክሶች የተለያየ ቦርድ ሊኖራቸው ይችላልና፣ ክዳኑን ከፍቶ በቺፑ ላይ የታተመውን ማንበብ ይሻላል። በአምሎጂክ ቦክሶች በተለመደው የአርምቢያን አሠራር፣ በካርዱ ላይ ኤክስትሊነክስ በተባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ «ኤፍዲቲ» ብሎ የሚጀምረው መስመር የትኛው ዲቫይስ ትሪ እንደሚነበብ ይወስናል። ምርጫው የተሳሳተ ከሆነ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ አለዚያም ዴስክቶፑ መጥቶ ድምፁ ወይም የኔትወርክ ገመዱ አይሠራም። ያን ጊዜ ካርዱን ነቅሎ፣ መስመሩን ለውጦ እንደገና መሞከር ነው። በውስጥ ማከማቻው ያለው አንድሮይድ በቦታው ስለሚቆይ ካርዱ ሲወጣ ቦክሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ሁሉም ክፍል መሥራቱ ሳይረጋገጥ ሊነክስን ወደ ውስጥ ማከማቻው መገልበጥን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው።

ለድሬዳዋ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱ እንደሚቀነስ የሚነገረውም በዚሁ ፋይል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል የጎደለው ፋይል ከተመረጠ ከርነሉ ሙቀቱን እያየ ሥራውን የሚያበርድበት መንገድ ያጣል፤ በዚህ ከተማ ወበቅ ደግሞ ቦክሱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወሽቆ ማሠራት ተገቢ አይደለም።

ትክክለኛው ፋይል ተገኝቶም ዋይፋዩ ዝም ሊል ይችላል። ዲቫይስ ትሪ ክፍሉ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አይተካም፤ በርካሽ ቦክሶች የሚገጠሙ አንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ደግሞ በከርነሉ ውስጥ ድራይቨር የላቸውም። በዚህ ጊዜ ሌላ ፋይል መፈለጉን ትቶ የኔትወርክ ገመድ ወይም ሊነክስ የሚያውቀው የዩኤስቢ ዋይፋይ መጠቀም ይሻላል።