በፈላ ውሃ የተነጨ ላባ ዝንብ አይሆንም

ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ እኔን ያስታውሰኛል። እሁድ ረፋድ ላይ በሬ ይንኳኳል፤ ስከፍት ፌስታል ሙሉ እርጥብ ላባ ይቀርብልኛል። «ያው፣ ለዝንብህ!» ይሉኛል። ተቀብዬ አመሰግናለሁ። ማታ ላይ ተደብቄ እጥለዋለሁ። ዘንድሮ ሦስት ፌስታል ጣልኩ።

ለማያውቀኝ ሰው፦ እንጀራዬ ሌላ ነው፣ ማታ ማታ ግን ዝንብ አስራለሁ። ባዶ መንጠቆ ሞርሳ ላይ አጠብቅና በክርና በላባ ነፍሳት አስመስለዋለሁ። ትራውት የሚባለው ዓሣ የእውነት መስሎት ይጎርሰዋል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት ደረቅ ዝንብ ይባላል። ስሙ ዝንብ ይሁን እንጂ የቤት ዝንብን አይደለም የሚመስለው። በአብዛኛው ከወንዝ ውስጥ ወጥታ አንድ ሁለት ቀን ኖራ የምትሞተውን ባለ ረጅም ጭራ ክንፋም ነው። ይቺን ካስረዳሁ በኋላም የሚስቁ አሉ። ይሳቁ።

«ትራውቱን ከጣና ነው የምታወጣው?» ይሉኛል። የለም። ትራውት ከውጭ አገር መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ እነ ዌብና ዳንካ ወንዝ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ካለፈ ይጨነቃል። ጣና ዳር ጎርጎራ ስታዩኝ የማጥመጃ ገመድ መወርወር እየተለማመድኩ ነው። እዚያ ያለው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው።

«14 ቁጥር መንጠቆ ከ10 ይበልጣል።» ተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ላባ ላባ ነው።» ይኼን ያሉኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው፣ ስለማከብራቸው አልተከራከርኩም። በብርጭቆ ውሃ አመጣሁ። ሁለት ዝንብ ሠርቼ ነበር፤ መንጠቆው አንድ፣ ክሩ አንድ። አንዱን ከሴት ዶሮ ላባ፣ ሌላውን ካረጀ አውራ ዶሮ አንገት። የሴቷ ለአፍታ ቆመና ውሃ ጠጥቶ ቁልቁል ወረደ። የአውራው በላባው ጫፍ ውሃው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ብርጭቆውን ብነቀንቀውም አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይሰምጥም። እማማ ጎንበስ ብለው አዩት። «እህ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ እሳቸው ሴት ዶሮ አያመጡልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንጠቆ ብረት ነው፣ ከውሃ ይከብዳል። የሚይዘው የውሃው ገጽ ነው፤ ያ ስስ ሽፋን የመሰለው። ላባው መንጠቆውን ሲዞረው ጠጉሮቹ እንደ ጃርት እሾህ ይቆሙና ክብደቱን በብዙ ጫፍ ያካፍሉታል። ጠጉሩ ልስልስ ከሆነ ይተኛል፣ ውሃ ይመጥጣል፣ አለቀ። ጥሩውን ለመለየት ላባውን ብርሃን ላይ ያዙት። መሀሉ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚጠቁረው ክፍል ውሃ የሚጠጣው ነው፤ እሱ ጠባብ ይሁን። ከዚያ እጠፉትና የቆሙትን ጠጉሮች ከንፈራችሁ ላይ አስነኩት። መውጋት አለበት። የጠጉሮቹ ርዝመት ደግሞ የመንጠቆውን አፍ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሁን።

የፈላው ውሃ ሌላው ጣጣ ነው። ዶሮው ይነከራል፣ ላባው በጭብጥ ይመዠረጣል። የላባው አጥንት ይሰበራል፣ ደምና ስብ ይለጠፍበታል፣ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ይሸታል። የአንገቱ ከጭራው፣ የጀርባው ከሆዱ ተደባልቆ ማን ይለቅመዋል? እኔ የምፈልገው አንገቱን ብቻ ነው፣ ከነቆዳው። ቆዳውን እንደሁ ለወጥ አትፈልጉትም፣ ትገፉታላችሁ። ስቡን እፍቃለሁ፣ ጨው ነስንሼ ካርቶን ላይ ዘርግቼ አደርቃለሁ። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር፣ ምክንያቱም ብል አንዴ ከገባ የዓመት ልፋት ዱቄት ይሆናል። ባለቤቴ ከሥጋው አጠገብ የዶሮ አንገት ማየት ሰልችቷታል። ልክ ናት፣ ግን ሌላ ፍሪዘር የለንም።

በነገራችን ላይ ቀለምም አለው። አዳምስ የሚባል ዝነኛ ደረቅ ዝንብ አለ፤ በ1922 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሚሺገን ውስጥ የተሠራ። የሚፈልገው ቀይና ገብስማ ላባ ተቀላቅሎ ነው። ቀዩ ሞልቷል። አራዳ ገበያ ሄዳችሁ «ገብስማ አውራ አለ?» በሉ እስቲ! ሻጩ ከእግር እስከ ራስ ያይሃል። «ምን አዘውብህ ነው?» ብሎኛል አንዱ። ዓሣ ላጠምድበት ነው ብል የባሰ ሊጠረጥረኝ ነው፣ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

«ዝንቡ ላይ የሚቀባው ቅባት በበዛ ቁጥር በደንብ ይንሳፈፋል።» አይደለም። ጠብታ ይበቃል፣ ያውም ዝንቡ ደርቆ ሳለ። ሲበዛ ጠጉሩን አጣብቆ ያስተኛዋል። ዓሣ ከያዘ በኋላ ልጋጉን እጠቡ፣ በጨርቅ ጨምቁ፣ ከዚያ ቀቡ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ፍሬ አትጣሉ። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ከዝንቡ ጋር አድርጋችሁ ነቅንቁ፣ ያደርቃል።

«ገመዱ ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብዙ ይሆናል። ሲቆሽሽ ይሰምጣል፣ ዝንቡንም ይዞት ይወርዳል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ቤንዚን የሚነካው ሰው አይቻለሁ፤ ሽፋኑ ተሰነጣጠቀበት። ከቤንዚን ያልተናነሰው ደግሞ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ነው። ዲት የሚባለው ኬሚካል ያለበት ፕላስቲክ ያሟሟል። ጎርጎራ ደግሞ ሳይቀቡ አይመሸም። ተቀቡ፣ ግን እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ገመዱን ንኩ። የመጀመሪያ ገመዴ ጣቴ ላይ ሲጣበቅ ነው የገባኝ፤ ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

የማጥመጃውን ዘንግ እርጥቡን ቱቦ ውስጥ ከትቶ መዝጋትም አለ። የአክስቴ ልጅ ከባሌ እንደተመለስን እንዲሁ አድርጎ አዘዞ ቤቱ ጥሎት ሁለት ወር ተቀመጠ። ሲከፍተው የቡሽ እጀታው ሻግቷል። «ታሽጎ ነበርኮ!» ይለኛል። መታሸጉ ነዋ ችግሩ!

የእንቁጣጣሽ ዶሮ እየመጣ ነው። ጎረቤቶቼ፣ አውራ ከሆነ ውሃው ከመጣዱ በፊት ደውሉልኝ። ቢላ ይዤ እመጣለሁ። አንገቱን ብቻ፣ ሥጋውን አልነካም።