የቀኝ እጅ ሕግ ምንድን ነው?

ደሴ ያለ አንድ ተማሪ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በብሌንደር (የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ሠራ እንበል። በቆመው ዘንግ (ሞዴሉ በሚዞርበት ምናባዊ መስመር) 90 ዲግሪ ሲያዞረው መቅደሱ ምሥራቅ ገባለት። ያልዞረውን ሞዴል ወደ ዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ወስዶ እዚያም ያንኑ 90 ጻፈ። የጣሪያው መስቀል ክንዶች እኩል ስለሆኑ ከላይ ሲታይ ሁሉም ሰላም ነው። መቅደሱ ግን ምዕራብ ሄዷል።

90 ዲግሪ ምን ያህል እንደሚዞር ይናገራል። ወዴት የሚለውን የሚወስነው ስምምነት ነው። በጣም የታወቀው ስምምነት የቀኝ እጅ ሕግ ይባላል። የቀኝ እጃችሁን አውራ ጣት ዘንጉ ወደሚያመለክትበት ቀስሩ። አራቱ ጣቶች የሚታጠፉበት አቅጣጫ ፖዘቲቭ ነው። (ግራኝ ብትሆኑም ቀኙን ነው!) ብሌንደር፣ ጎዶት (ሌላ የጌም መሥሪያ) እና ስሪጄኤስ (ድረ ገጽ ላይ 3ዲ ማሳያ) በዚህ ይሄዳሉ። ዩኒቲ ግን ያንኑ በግራ እጅ ያደርጋል።

ብሌንደር ላይ ወደ ላይ የቆመው ዘንግ ዜድ ነው፤ ከላይ ስታዩት ፖዘቲቭ መዞር ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ዩኒቲ ላይ የቆመው ዋይ ሲሆን ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደባልቃል፦ የትኛው ዘንግ እንደቆመ እና የትኛው እጅ እንደሆነ። ጎዶትም ዋይን ያቆማል፣ እጁ ግን ቀኝ ነው።

«እንደ ሰዓት ቆጣሪ» የሚለው አባባል ራሱ ጎዶሎ ነው። ከታች ሆናችሁ ካያችሁት ይገለበጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዘንጉ ጫፍ ወደ መነሻው እያያችሁ ተናገሩ።

ደስ የሚለኝ ነገር ሒሳቡ አለመለወጡ ነው። በዋይ ዘንግ ፖዘቲቭ 90 በዩኒቲም በስሪጄኤስም ዜድን ወደ ኤክስ ይወስዳል። ልዩነቱ የዜድ ነው። ኤክስን ወደ ቀኝ፣ ዋይን ወደ ላይ ብታደርጉ የዩኒቲ ዜድ ወደ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል፣ የስሪጄኤስ ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል። ቀመሩ አንድ ሆኖ ዓይናችሁ የሚያየው ተቃራኒ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከብሌንደር የመጣ ሞዴል ዩኒቲ ላይ በኤክስ -90 ይዞ ቢታይ አትደንግጡ። የቆመው ዘንግ ስለተለወጠ የተጨመረ ማካካሻ ነው። አንዱን ዘንግ በ-1 አባዝቶ መገላገል ግን አይመከርም። መዞሩ የተስተካከለ ቢመስልም ሞዴሉ እንደ መስታወት ምስል ይገለበጣል፤ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ካለ ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ይነበባል።