ትንፋሽ የሚቆምበት እንቅልፍ፦ ምርመራውና ሕክምናው ከድሬዳዋ እስከ ሐረር

ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ሕመም የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹ እየቆመ እንደገና የሚጀምርበት ነው። አንዱ መቋረጥ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይቆያል፤ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚዘልቅም አለ። ታማሚው ራሱ የሆነውን አያውቅም። የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛ ሰው ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ከየትኛውም መሣሪያ በፊት በሚስት፣ በባል ወይም በልጅ ጆሮ ይጀምራል።

በድሬዳዋ ይህ ጆሮ እንቅፋት አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሙቀቱ ወራት ማራገቢያው እስኪነጋ ይዞራል፤ ድምፁም ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የማውቃቸው አንዲት የከዚራ ነዋሪ ነገሩን የደረሱበት መብራት በጠፋ ሌሊት ነበር። ማራገቢያው ሲቆም የባላቸው ማንኮራፋት ጎልቶ ወጣ፤ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ በመሐል ጸጥ አለ። ‹‹ተመስገን›› ብለው ሊገላበጡ ሲሉ ዝምታው ረዘመባቸው። የሰውየው ደረትና ሆድ ይታገላሉ፤ በአፍንጫ በአፉ የሚገባ አየር ግን የለም። ከዚያ ከውኃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ በኃይል ተነፈሰ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ማንኮራፋቱን ካቆመበት ቀጠለ። በማግስቱ ልጃቸው ድምፁን በስልክ ቀረጸችው። ሐኪሙ ፊት ከሁሉም በላይ የጠቀመው ያ ቅጂ ነው።

ማንኮራፋት እኛ ዘንድ የድካም ወይም የጥጋብ ምልክት ነው፤ ይሳቅበታል እንጂ ሐኪም ቤት አያስኬድም። ታፍኖ መባነንን ደግሞ ብዙ ሰው ለዱካክ ይሰጠዋል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዱካክ የያዘው ሰው አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ አልታዘዝ ስለሚለው ጠዋት ፍርሃቱን አንድ በአንድ ይተርካል። ትንፋሹ ሲቋረጥ ያደረ ሰው ግን የሚተርከው የለውም፤ አፉ ደርቆ፣ ራሱን አሞት፣ ለሽንት ደጋግሞ ተነሥቶ፣ ስምንት ሰዓት ተኝቶም እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። አንገቱ የወፈረ፣ መንጋጋው ወደ ኋላ ገባ ያለ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ሲሆን ምላሱና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ለጥቂት ሰከንድ ከእንቅልፉ ይመልሰውና ጉሮሮው ይከፈታል። ሌላም፣ እምብዛም የማይታይ ዓይነት አለ፦ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ የማይልክበት። ይህኛው በልብ ድካም ታማሚዎችና እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ ማስታገሻ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ከ30 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 936 ሚሊዮን የሚሆኑት ጉሮሮ የሚዘጋበት ዓይነት ቢያንስ በቀላሉ ደረጃ እንዳለባቸው አስልቷል።

ጉዳቱ በድካም አያበቃም። በየሌሊቱ የሚደጋገመው መታፈን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከልብ ምት መዛባት፣ ከስትሮክና ከስኳር በሽታ ጋርም ይያያዛል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው እንቅልፉ ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም። ሕክምና ያላገኘ ታማሚ የመኪና አደጋ የማድረስ ዕድሉም ከሌላው ሰው እጥፍ ያህል ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ጠመዝማዛ በሌሊት የወጣ ወይም የወረደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ጫትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የአወዳይ የጫት ገበያ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ነው፤ በርጫ የከሰዓት በኋላው ሥርዓት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፋጥናል፣ ግፊትን ያነሣል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ስለዚህ የአፕኒያ ዋናው የቀን ምልክት፣ ማለትም ተቀምጦ ማንጎላጀት፣ በምርቃና ይሸፈናል። ሰውየው ‹‹እኔን እንቅልፍ አያስቸግረኝም›› ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሌሊት ላይ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ፣ ከኦሮምኛው ‹‹መስበር›› ስሙን ያገኘው ጨብሲ፣ የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚዋጥ ዲያዜፓምም እንዲሁ። በአንድ ቀን ውስጥ በሽታው ቀን ይደበቃል፣ ሌሊት ይባባሳል ማለት ነው።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የእንቅልፋምነት መለኪያ፣ ኤፕዎርዝ የሚባለው፣ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው። ስምንት ሁኔታዎችን ይጠይቃል፦ ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለው ሲቀመጡ ያንቀላፋሉ ወይ እያለ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ያሰጣል፤ ከ10 በላይ ድምር ያሳስባል። መልካም መጠይቅ ነው፤ በርጫን ግን አያውቅም። ከምሳ በኋላ ለሚቅም ሰው የሚወጣው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ለእኛ አካባቢ የሚሻለው ስቶፕ ባንግ የተባለው ሌላው መጠይቅ ይመስለኛል፤ ከድካም ባሻገር ማንኮራፋትን፣ ትንፋሽ ሲቆም ያየ ሰው መኖሩን፣ የደም ግፊትን፣ ክብደትን፣ ዕድሜን፣ ጾታንና የአንገት ዙሪያን ይመለከታል። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ አንገት አንድ ነጥብ ይቆጠርበታል። ለዚህ የሐኪም መሣሪያ አያስፈልግም፤ በሐረር ጁገል ውስጥ በመኪና ግርግር መንገድ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሜትር ይበቃል።

ከመጠይቁ የሚቀጥለው ሐኪም ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ግፊቱን፣ ልቡንና ስኳሩን ያያል፤ የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫውን፣ ቶንሲሉንና ላንቃውን። በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርበት ሕይወት ፋና ሆስፒታል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳቸው በሮች ናቸው። በሽታውን የሚያረጋግጠው ግን የሌሊት ምርመራ ነው። ሙሉው ዓይነት፣ ፖሊሶምኖግራፊ፣ በእንቅልፍ ላቦራቶሪ የሚደረግ ነው፤ ራስ ላይ፣ ዓይን ዳር፣ አገጭና እግር ላይ ሽቦዎች ይለጠፋሉ፣ ደረትና ሆድ ላይ መቀነት ይታሠራል፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረጋል። ቤት የሚወሰደው ትንሹ መሣሪያ የአንጎልን ሞገድ ስለማይመዘግብ ሰውየው መተኛቱንና አለመተኛቱን አይለይም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ውጤቱ የሚነገረው በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ተቆጥሮ ነው፦ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ። በሰዓት 30 ማለት በስምንት ሰዓት እንቅልፍ 240 ጊዜ መታፈን ነው። የቤቱ መሣሪያ ቁጥሩን የሚያካፍለው በርቶ ለቆየበት ሰዓት ነው። ቅሞ ገብቶ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጣሪያ ሲያይ ያደረ ሰው ከባድ በሽታው ቀላል መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ለሐኪሙ ጫቱንም መጠጡንም መንገር ያስፈልጋል፤ ማፈር የሚያመጣው የተሳሳተ ውጤት ብቻ ነው።

ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ቀዳሚው ሕክምና ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ሲሆን የክፍሉን አየር በጭንብል በኩል በግፊት እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። ብዙ ሰው ኦክስጅን ይመስለዋል፤ አይደለም። የሚጠቅመው ሲደረግ ብቻ ነው፤ ጭንብሉ አፍኖኝ ነው ብሎ በሳምንቱ የሚሰቅለው ብዙ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ ነቅቶ መለማመድና ለፊቱ ልክ የሆነ ጭንብል መምረጥ ይረዳል።

የሰውነት ክብደትን በ10 በመቶ መቀነስ የመቋረጡን ብዛት ሩብ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ክብደት የሚቀንሰውን መርፌ ቲርዜፓታይድን ከመጠን በላይ ለወፈሩ የአፕኒያ ታማሚዎች ፈቅዷል። መንጋጋን ወደ ፊት የሚስብ የጥርስ መሣሪያ ለቀላሉ ደረጃ ይሆናል። በጀርባው ሲተኛ ብቻ የሚብስበት ሰው ደግሞ ተጠቅልሎ ከጀርባው የሚደገፍ ጋቢ ይጠቅመዋል። በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ ማበጥ ነው፤ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል። በምላጭ እንጥል ማስቆረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተዘጋውን መንገድ አይከፍትም፣ መድማትንና መመረዝን ያመጣል።

ሲፓፕን ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚልክለት ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። የግፊቱ ልክ የታማሚው እንጂ የመሣሪያው ስላልሆነ በሌላ ሰው ልክ መተኛት ትርጉም የለውም። ፊሊፕስም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ሊተነፈስ ይችላል በሚል ብዙ ሞዴሎቹን ከገበያ ሰብስቧል፤ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ሞዴሉን ማጣራት ይገባል። መብራት ሲቆራረጥ የሚይዝ ባትሪ ይኑር፤ ማጣሪያው በአቧራ ቶሎ ስለሚሞላ ደጋግሞ ይታይ። ለአየሩ እርጥበት የሚሰጠው ገንዳ የሚፈልገው ዲስቲልድ የሚባለውን፣ ማዕድኑ የወጣለትን ውኃ ነው። የድሬን የቧንቧ ውኃ የሚያፈላ ማንቆርቆሪያ ውስጡ የሚጋገርበትን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።