የእንግሊዝ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ፦ እሳት የቀረጸው ሕንፃ

የድሮ የእንግሊዝ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ከሩቅ ሲታይ ብዙም አያስደምምም። ረጅም፣ ጠባብ፣ መስኮት በመስኮት የሆነ የጡብ ሣጥን ነው። ግን ቅርጹ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

መጀመሪያ ወንዙ አለ። ሪቻርድ አርክራይት እ.ኤ.አ. በ1771 ክሮምፎርድ ላይ ፋብሪካውን ሲተክል ማሽኖቹን ሁሉ የሚያዞረው ውሃ ነበር። ከታች የሚሽከረከረው መንኮራኩር ኃይሉን በቋሚ ዘንግ ወደ ላይ ይልካል፣ ከዚያ በየፎቁ በአግድም ዘንግና በቺንጊያ ይከፋፈላል። ስለዚህ ማሽኑን ሜዳ ላይ ከመዘርጋት ፎቅ በፎቅ መደርደር ያዋጣል። ጠባብነቱ ደግሞ ለብርሃን ነው፤ ያኔ ኤሌክትሪክ የለም፣ የተበጠሰ ክር የሚቀጥል ሠራተኛ ደግሞ ማየት አለበት።

ዋናው ጣጣ እሳት ነበር። ወለሉ እንጨት፣ እንጨቱ ከማሽኑ በሚንጠባጠብ ዘይት የራሰ፣ አየሩ የጥጥ ብናኝ፣ ማታ ማታ ሻማና ኩራዝ። ደርዌንት ወንዝ ዳር ባለችው ቤልፐር የስትራት ቤተሰብ ፋብሪካ በ1803 መጀመሪያ ላይ ተቃጠለ። ዊልያም ስትራት በዚያው ቦታ በ1804 ኖርዝ ሚል የሚባለውን አዲስ ሕንፃ ጨረሰ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ወደ 39 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ ግን 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ውስጡ ሲገባ እንጨት የለም ማለት ይቻላል። የብረት ምሰሶ በምሰሶ ላይ ይቆማል፣ በላያቸው የብረት አግዳሚ ይጋደማል፣ ከአግዳሚ እስከ አግዳሚ ደግሞ ጡቡ እንደ ቅስት ይታጠፋል። ቅስት ጎኑን ይገፋል፤ ያ ግፊት ሕንፃውን እንዳይበረግደው ምሰሶዎቹ በብረት ዘንግ ተያይዘዋል። ምሰሶዎቹ የተጠጋጉትም በምክንያት ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ብረት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲለጠጥ ግን ይሰበራል፤ አግዳሚው ከረዘመ ደግሞ ሸክሙ ሲያጎብጠው ታችኛው ጎኑ ይለጠጣል።

ታች ሁለቱ ፎቆች ላይ እንዝርቶቹ ይሽከረከሩ ነበር፣ ከበላያቸው ጥጡ ባዘቶ ይሆናል፣ ጣሪያ ሥር ያለው ቆጥ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ነበር። ሙቀቱም ታስቦበታል፤ የሞቀ አየር በግድግዳው ውስጥ ባለ መተላለፊያ ወደየፎቁ ይወጣ ነበር። ፋብሪካዎቹን ለማገናኘት ከመንገዱ በላይ የሚያልፈው ድልድይ ላይ ደግሞ የጠመንጃ መተኮሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለቤቶቹ የፈሩት እሳትን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ የስትራት አይደለም። ቻርልስ ቤጅ በ1797 ሽሩስበሪ ላይ ምሰሶውም አግዳሚውም ብረት የሆነ የተልባ እግር ክር መፍተያ ሠርቶ ነበር፣ ሁለቱ ይጻጻፉም ነበር። ያንን ሕንፃ ‹የሰማይ ጠቀሶች አያት› ይሉታል። ትንሽ ተጋንኗል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የሰማይ ጠቀስን ሸክም የሚሸከመው የብረት አጥንቱ ሲሆን እዚያ ግን የውጭው ግድግዳ አሁንም ሸክም ይሸከማል።

እንፋሎት ሲመጣ ፋብሪካው ከወንዝ ተላቀቀ። ማንችስተር አጠገብ ባለችው ኦልድሃም አካባቢ የተሠሩት ግዙፎች ናቸው፤ ወርዳቸው ሰፋ፣ መስኮታቸው ተለቀ፣ ከሞተሩ ወደየፎቁ ኃይል የሚያደርሱ ወፋፍራም ገመዶች የራሳቸው ክፍል ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ማማም ለጌጥ ብቻ አይደለም። አናቱ ላይ ያለው ታንከር እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ለሚረጩት ቧንቧዎች ውሃ የሚያቀርብ ነው።

ቤልፐርም አልቀረላትም። በ1912 ከኖርዝ ሚል ጎን ሰባት ፎቅ ያለው፣ ቀይ ጡብ የለበሰ ኢስት ሚል ተተከለና የ1804ቱን ሕንፃ ድንክ አስመሰለው። ሁለቱም ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ በተመዘገበው የደርዌንት ሸለቆ ፋብሪካዎች ቅርስ ውስጥ አሉ።