«በእንቁላሉ በቀጣሽኝ»፦ ስለ አለንጋ የተነገረ ነውን?

አለንጋ የሚያነሳ አባት ሁሉ ይህችን አባባል ከአለንጋው ጋር አብሮ ያነሳታል። «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ እንዳትለኝ ነው!» ይልና ሾጥ ያደርጋል። እኔም በልጅነቴ አባባሏን የሰማኋት ከገራፊ አፍ ስለነበር፣ ስለ ዱላ የተነገረች መስላኝ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን እንደዚያ አላነባትም።

ተረቱን የማያውቅ ጥቂት ነው። አንድ ልጅ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል። እናት ከየት እንዳመጣው ሳትጠይቅ ጠብሳ አበላችው፤ እሷም በላች። እንቁላሉን ዶሮ ተከተለው፣ ዶሮውን በግ፣ በጉን በሬ። በበሬው ተይዞ ሞት ተፈረደበት። የመጨረሻ ቃልህን ተናገር ሲባል እናቱን አስጠራና «እናቴ ሆይ፣ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ኖሮ ለዚህ ባልበቃሁ» አላት። አንዳንዱ ተራች ልሳምሽ ብሎ ተጠግቶ ጆሮዋን ነከሳት ብሎ ይጨምርበታል። የኤዞፕ ናቸው ከሚባሉት የግሪክ ተረቶች አንዱ የዚህ መንታ ነው፤ ጆሮ መንከሱም አለበት። እዚያ ግን ልጁ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ጓደኛው የመጻፊያ ሰሌዳ ነው። የእኛው ከቆጥ ተነስቶ በረት ይገባል።

ይህ የቆጥና የበረት ነገር እንዲሁ የመጣ አይደለም። በገጠር ቤት እንቁላል የሴቲቱ መቀነት ነው፤ ለገበያ ቀን ተጠራቅሞ ጨውና ቡና ይሆናል። በሬ ደግሞ የቤቱ ሁሉ እስትንፋስ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ስለሚያርስ፣ አንድ በሬ ሲሰረቅ የሁለት ቤት እርሻ ይቆማል። የተረቷ እናት እንግዲህ የእንቁላሉን ዋጋ የማታውቅ አልነበረችም። የጎረቤቷን የጨው ገንዘብ እንደበላች ከማንም በላይ ታውቃለች።

ቃሉንም ልብ በሉት። «በቀጣሽኝ» የሚለው የአሳዳጊ ሳይሆን የአዳጊ ቃል ነው፤ «ኖሮ» ተውጦበት፣ ጅራቱ ተቆርጦ የቀረ ጸጸት ነው። ወላጆች ነጥቀነው የራሳችን ማስፈራሪያ አደረግነው እንጂ ባለቤቱ ልጁ ነው። ወቀሳው የሚያርፍበትም ቦታ በአማርኛ የታወቀ ነው፤ ባለጌን «አሳዳጊ የበደለው»፣ «ስድ አደግ» ስንል ስድቡ በራሱ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። (በበጉ ጊዜ ልጁ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አልቀረም፤ እናቱ ላይ ብቻ ማላከኩ አይዋጥልኝም።)

አባባሏን እንደገና እንድሰማት ያደረገኝ ዓሣ ነው። ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ስድስት ቆሮሶ ግዛ ብላ ወደ ጣና ዳር ላከችኝ። ሻጯ ዓሦቹን በስንጥቦቻቸው አሳልፋ በደንገል ልጥ ሰክታ ሰጠችኝ። እናቴ ሳፋ ውስጥ ዘርግፋ ቅርፊታቸውን ትፍቅ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቢላዋው ቆመ።

«ስንት ነው የገዛኸው?»

«ስድስት።»

«ይህስ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ ጎኑ የተፋቀ፣ አንድ ጎኑ ያልተፋቀ ዓሣ አስይዛ መለሰችኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በዘንባባዎቹ ሥር ስሄድ ዓሣው ጭኔን እየመታ ቅርፊቱን ቁምጣዬ ላይ አራገፈው። ሻጯ ስታየኝ ሳቋ መጣ። «ምራቂ እኮ ነው የሰጠሁህ ልጄ! ሂድ፣ ምራቂ ናት በላት።»

ይዤው ተመለስሁ። እናቴ ሰማችኝና ሳትቆጣ፣ «ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርኸኝም?» አለች። ለምን እንዳልነገርኋት እኔ አውቃለሁ። ሴትዮዋ በስሕተት የቆጠረች መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ዝም ብዬ ደስ እያለኝ ነበር የመጣሁት። እሷ የመረቀችኝን እኔ ሰርቄው ነበር። ማንም አልገረፈኝም፤ ዓሣው ተጠበሰ፣ ጅራቱ ለእኔ ደረሰኝ። የተረቷን እናት ከእኔዋ የለየቻቸው ያቺ «ከየት መጣ?» የምትል ጥያቄ ናት።

አሁን አሁን የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ «የሕይወት እሴቶቻችሁን ጻፉ» የሚል ሥልጠና በዝቷል። አንዱ ላይ ተገኝቼ እውነት፣ ትጋት፣ ፍቅር ብዬ ጻፍሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠውም ያንኑ ነው የጻፈው። ጣና ላይ የሚያሰግር ጓደኛዬ ግን ወረቀት አልያዘም። ክረምት ላይ ባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪ የሚቸኩለውም ያኔ ነው፤ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ መረብ የጣለ ታንኳውን ሞልቶ ይመለሳል፣ እንቁላሉ ግን ከነእናቱ ያልቃል። ጓደኛዬ እዚያ አይጥልም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ስለ ዓሣው መመናመን ያወራኛል ብዬ ነበር። ትከሻውን ነቅንቆ፣ «አባቴ እዚያ ጋ መረብ አይጥልም ነበር» ብቻ አለኝ። አባቱ ምክንያቱን ነግሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። አልነገረውም።

ስለ ራሴ ደግሞ ልናገር። ገበያ ላይ መልስ ሲበዛብኝ ገና ሳላስበው እጄ ይመለሳል፤ ሰባተኛው ዓሣ ነው። በመሥሪያ ቤት ንብረት ግን እንደዚያ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ልጄ የምትሥልበት አልቆባት ከቢሮ አንድ እስር ነጭ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤላት ገባሁ። ወለሉ ላይ ተንጋላ ታንኳ ስትሥል ቆየችና ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ከየት አመጣኸው?»

«ከቢሮ» አልኋት።

«ሰጡህ?»

ሻዩ ፈልቶ ነበርና ላወርደው ተነሳሁ።