የሙስና ክስ ተከላካይ ጥብቅና በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሙስና ክስ ተከላካይ ጥብቅና ከግዢ፣ ከመሬት አስተዳደር፣ ከባንክ ብድርና ከመንግሥት ገንዘብ ጋር በተያያዘ ለሚከሰሱ ኃላፊዎች፣ ሠራተኞችና ነጋዴዎች የሚሰጥ የሕግ አገልግሎት ነው። ከሌላው የወንጀል ክርክር የሚለየው በአብዛኛው በወረቀት የሚያሸንፉበትና በወረቀት የሚሸነፉበት ሙግት መሆኑ ነው። በነፍስ ግድያ መዝገብ ጠበቃው ዓይን ምስክር ሲፈትን፣ በሙስና መዝገብ ግን ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ማዘዣና የኦዲት ሪፖርት ሲያገላብጥ ያድራል።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጉቦንና ሥልጣንን አላግባብ መጠቀምን ይቀጣ ነበር። በደርግ ዘመን እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በልዩ ፍርድ ቤት ይታዩ ነበር።

ሙያው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በ1993 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ፤ የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግም በአዋጅ ቁጥር 236/1993 ወጣ። በዚሁ ጊዜ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተጠርጣሪው ግን ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ በፖሊስ ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጥቶ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስትና እንዳይለቀቅ ከለከለ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ይህ ማሻሻያ አዋጅ ለአንድ መዝገብ፣ ማለትም ለአቶ ስዬ ጉዳይ፣ ሲባል የተሠራ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ምናልባት አከራካሪ ሊሆን ይችላል። የማያከራክረው ውጤቱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ዋስትናን መከልከል የሚችለው ፍርድ ቤት እንደሆነ ይናገራል። ጠበቆች በወቅቱ የያዙት ክርክር ሕግ አውጪው ምርጫውን ከዳኛው እጅ ነጥቋል የሚል ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ «በሕግ በተደነገጉ» የሚለው ሐረግ ለምክር ቤቱ በር ከፍቷል ይባላል። ተከሳሹ ማረሚያ ቤት ሆኖ ሲከራከር ጠበቃው በሺህ የሚቆጠር ገጽ ተሸክሞ እዚያው ሄዶ ማስረዳት ነበረበት፤ ይህን ሥራ በትዕግሥት የተወጡት የሙያ ባልደረቦች ተገቢውን ምስጋና አላገኙም።

አዋጅ ቁጥር 434/1997 ክልከላውን አላላው፤ ከአሥር ዓመት በላይ በማያስቀጣ የሙስና ወንጀል የተከሰሰ ሰው ዋስትና መጠየቅ ቻለ። ከዚያ ወዲህ በክሱ ላይ የተጠቀሰው የወንጀል አንቀጽ የክርክሩ እምብርት ሆኗል። ዐቃቤ ሕግ ከባዱን ንዑስ አንቀጽ ከጠቀሰ ተከሳሹ እስር ቤት ሆኖ ይከራከራል፤ ፍርድ ቤቱ በብይን፣ ማለትም ከመጨረሻው ፍርድ በፊት በሚሰጠው ውሳኔ፣ አንቀጹን ከቀየረው ግን የዋስትናው ጥያቄ እንደገና ይነሣል።

በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ሙስናን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ከኮሚሽኑ ወጥቶ ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛወረ። አሁን ክሱን የሚያቀርበው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው።

መሠረታዊው የወንጀል ድንጋጌ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው። አዋጁ የአክሲዮን ማኅበራትንና ሌሎች ሕዝባዊ ድርጅቶችን ስለሚያካትት የግል ባንክ ሥራ አስኪያጅም በሙስና ሊከሰስ ይችላል። ለተከላካይ ጠበቃ አስቸጋሪው ክፍል ግምቶቹ ናቸው። ድርጊቱ መፈጸሙ ከተረጋገጠ ጥቅም የማግኘት ወይም የማስገኘት አሳብ እንደነበረ ይገመታል፤ ማስተባበሉ የተከሳሹ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ይዞ መገኘትም እንዲሁ ባለሥልጣኑ ስለ ሀብቱ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) ከተጠበቀው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ጋር ይህ እንዴት እንደሚታረቅ በየችሎቱ ሲነሣ ይኖራል።

የሙግቱ ሂደት በተለመደው መንገድ ያልፋል፦ የጊዜ ቀጠሮ፣ ክስ፣ የክስ መቃወሚያ፣ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ፣ ብይን። ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ሊሰናበት ይችላል፤ አለዚያ «ይከላከል» ይባላል። ብዙ መዝገቦች የሚወሰኑት ግን በአንዲት ምሪት ነው። ኃላፊው በግዢ ጥያቄ ደብዳቤ ራስጌ ላይ «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ብሎ ፈርሞ ለግዢ ክፍል መርቶታል እንበል። ለዐቃቤ ሕግ ይህ ያለ ጨረታ ግዢ እንዲፈጸም የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ለጠበቃው ደግሞ ኃላፊው ሕግ እንዲከበር ማሳሰቡ ነው። ስለዚህ ጠበቃው የምሪቱን ቀን ከጨረታ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ቀን ጋር ያስተያያል፤ ኦዲተሩንም የዋጋ ልዩነቱን ከየትኛው ወር ገበያ ጋር አነጻጽሮ እንዳሰላው ይጠይቃል። ጉዳት የተባለው ገንዘብ በዚህ ጥያቄ ብቻ የሚቀንስበት ጊዜ አለ።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን በመንግሥት ወጪ ይቆምለታል፤ በፌዴራል ደረጃ ይህን የሚሠራው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። የገንዘብ አቅም ያለውም ቢሆን ንብረቱ በእግድ ሲያዝ ጠበቃ መክፈል ይቸግረዋል።

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቁሟል። ቀድሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በግል ፈቃዱ ብቻውን ይቆም ስለነበር፣ ብዙ ተከሳሾች ያሉበትን መዝገብ ከሒሳብ ባለሙያና ከረዳት ጠበቆች ጋር ተከፋፍሎ የሚይዝ ቢሮ ማቋቋም አይቻልም ነበር።