ፈረሱ እልኸኛ አይደለም

«ይሄ ፈረስ እልኸኛ ነው፤ ሆን ብሎ ነው የሚያናድደኝ።» ፈረስ መግራት ሥራዬ ከሆነ ጀምሮ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለ ፈረስ የሚባሉ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችን ቶሎ ቶሎ ላሳልፍና እመለስበታለሁ።

«በግራ ዓይኑ ያየውን ቀኙ አያውቀውም።» ተረት ነው። ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች የተያያዙ ናቸው። ዕቃው ግን ከሌላ ጎን ሲታይ መልኩ ስለሚለወጥ በሁለቱም በኩል አለማምዱት።

«ዝም ካለ ተረጋግቷል።» ሁልጊዜ አይደለም። ምንም ቢያደርግ ጫናው እንደማይቀርለት ሲገባው የሚደነዝዝ ፈረስም አለ።

«ፍርሃቴን ካላሳየሁት አያውቅብኝም።» በፈረንጆቹ 1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሀንስ የሚባል ፈረስ ሂሳብ ይሠራል ተብሎ ጉድ ተባለ። መልሱን የሚሰጠው መሬቱን በሰኮናው እየመታ ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲፈትነው፣ ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ሀንስም አያውቅም። ለካ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰውየው ሳይታወቀው ጭንቅላቱን ትንሽ ንቅንቅ ያደርግ ኖሯል። ያቺን የሚያይ እንስሳ ዛቡን ጨምድዶ የያዘ እጅህን ሊስት ነው?

አሁን ወደ «እልኸኛው»።

ፈረስ የሚማረው ስትጫነው አይደለም፤ ስትለቀው ነው። ጫናው ሲቆም ምን እያደረገ ነበር? የያዘው ትምህርት እሱ ነው። የአንድ ደንበኛዬ ፈረስ የግቢው በር ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ የፊት እግሮቹን ያነሳል። ሰውየው ደንግጦ ይወርድና ወደ ጋጣው ይመልሰዋል። በየቀኑ! እግር ካነሳሁ ሥራ አበቃ፤ ፈረሱ የተማረው ይህንን ነው፣ ያውም አሳምሮ። በኋላ ሰውየው አለንጋ ይዞ መጣ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ! በሩ ከዚያ ወዲያ የሚያስመታ ቦታም ሆነ።

እኔ መጀመሪያ ኮርቻውን አውርጄ ጀርባውን በጣቴ ጫን ጫን እያልኩ ዳሰስኩ። ይህን የለመድኩት በጥፋቴ ነው። አንዲትን ባዝራ ሳምንት ሙሉ «እልኸኛ» ስል ከርሜ፣ ከኮርቻው ሥር የጥፍር የምታክል ቁስል አገኘሁባት። መትቻትም ነበር። እስካሁን አፍራለሁ። እናንተም ጀርባውን፣ አፉንና ጥርሱን፣ ሰኮናውን ሳታዩ ስለ ጠባዩ አታውሩ።

ይሄኛው ግን ጤነኛ ነበር። ከበሩ ራቅ ብዬ ጀመርኩ። በእግሬ በቀስታ ጫን፤ ክብደቱን ወደፊት ሲያዘነብል፣ እርምጃ እንኳ ሳይጠብቁ፣ ወዲያው መልቀቅ። እንደገና ጫን፣ መልቀቅ። ጆሮው ወደ እኔ መዞር ሲጀምር አቁመን አረፍን። በአራተኛው ቀን በሩን አለፈ።

ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ደወለ። ፈረሱ ተመልሶ መቆም ጀምሯል።

«ወርደህለት ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ።